ጋሽ ደምለው እሺ አሉ

በ2071 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ሰኞ ቀን ከስድስት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ ከሞቱ ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆናቸው ጋሽ ደምለው እንግዳ ወደ ሾላበር ሬዲዮ ደውለው የጥድ ሥር ምንጭ ቢታጠር ቅር እንደማይላቸው ተናገሩ።

«እኔ ተቃውሞ የለኝም» አሉ። «ለልማት ከሆነ፣ ሰውም ከተስማማ፣ እሺ ነው የምለው።»

በዚያ ሰዓት የፀጉር ቆራጩ ወንበር ላይ ነበርኩ። ፀጉር ቆራጩ መቀሱን ከጆሮዬ አርቆ እንደ ልማዱ «ነፍስ ይማር» አለ። እኔም በግማሽ የተላጨ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ «ነፍስ ይማር» አልኩ። ከሱቁም ከጋራዡም ያው ቃል ተሰማ። ከዚያ መቀሱ ሥራውን ቀጠለ።

ጋሽ ደምለው ለሠላሳ አንድ ዓመት የጥድ ሥር ምንጭ የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚቀዳ የሚወስን ሰው ነው። ምንጩን ሊያጥሩ የመጡ ሰዎችን ሦስት ጊዜ መልሰዋል፤ አንዴ በቃል፣ አንዴ በማመልከቻ፣ አንዴ በድንጋይ። እንዲህ ያለ ሰው እሺ አለ ሲባል ግር ሊለኝ ይገባ ነበር። ግርም ብሎኛል። ግን ፀጉሬን ተስተካክዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሾላበር ውስጥ «ሬዲዮ አልሰማሁም» ማለት ሰበብ አይሆንም። የክትባት ተራ፣ የገበያ ቀን፣ የመብራት ሰዓት፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ሁሉም የሚነገረው እዚያ ነው። መሥሪያ ቤት ሄደህ ስትጠይቅ «አልሰማህም እንዴ?» ይሉሃል፤ ከሰማህ ለምን መጣህ፣ ካልሰማህ ጥፋቱ ያንተ ነው። መቀበያው በየቤቱ ከልስኑ ጋር አብሮ ስለሚገባ የምንጠራው «ግድግዳው» እያልን ነው። ጠዋት ስንገናኝ «ግድግዳው ምን አለ?» እንባባላለን። ድምፁን መቀነስ ይቻላል። አጠፋዋለሁ ብሎ የሞከረ ሰው ግን አላውቅም።

የቀትሩ ፕሮግራም «ከሾላው ሥር» ይባላል። ድሮ ሽማግሌዎች ከእውነተኛው ሾላ ሥር ተቀምጠው ነገር ያዩ ነበር። ሾላው ለመንገድ ሲቆረጥ ስሙ ወደ ሬዲዮው ሄደ፤ ደንቡም ተከትሎት ሄደ። በደንቡ ተናጋሪ ሁሉ ከእሱ በፊት ለተናገረው ሰው መልስ ሳይሰጥ ወደ ራሱ ነገር አያልፍም። አንድ ጉዳይ ዘጠኝ ቀን ይነገርበታል። በዘጠኙ ቀን ውስጥ ሦስት ተቃዋሚ በአየር ላይ ካልተገኘ ሕዝቡ እንደተስማማ ይጻፋል፤ የተጻፈውም ይፈጸማል።

የጠፋው ደዋይ ነው። ወጣቱ አገሩን ለቆ ሄዷል፤ የቀረነው ደግሞ መናገር የሚሰለቸን ነን። ሬዲዮው ዝም እንዳይል ከስምንት ዓመት በፊት ነባር ደዋዮችን መልሶ ማስገባት ጀመረ። የሞቱ ሰዎች ማለት ነው፤ ግን እንደዚያ አይባልም፣ «ነባር» ነው የሚባለው። በቀን ከሚደውሉት አሥራ ሁለት ሰዎች ዘጠኙ ነባሮች ናቸው። ድምፁ የራሳቸው ነው፤ በሕይወት ሳሉ ለዓመታት ሲደውሉ የተጠራቀመ። ጠባያቸው የሚወሰደው ግን በቀብራቸው ዕለት ከተነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ከቀትሩ ፕሮግራም ሌላ፣ ማለዳ ማለዳ በየቤታቸው ግድግዳ ቤተሰባቸውን ያነጋግራሉ።

እንግዲህ አንድ ነባር ተናግሮ ሲጨርስ ቀጥሎ የሚደውለው ሕያው ሰው መልስ ሊሰጠው ነው። ማን አፍ አለው? «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እየተባለ ያደገ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ሁሉም «የተናገሩት ልክ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር» ብሎ ይጀምርና ከዚያ ወዲያ የሚለው ያጣል። በዚህ ዓይነት የእህል ወፍጮው ተዘግቷል፣ የገበያው ሜዳ ተሸጧል፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች አንድ ሆነዋል። አንድም ሰው አልተጣላም።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ የጋሽ ደምለው ባለቤት እትዬ አትጠገብ ወደ እድሩ ጽሕፈት ቤት መጣች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ስትራመድ ደግሞ የሚያሯሩጣት ያለ ይመስላል። እኔ የላይ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም።

«ይርዳው፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ፣ እትዬ።»

«እሱ ነው ይህን ያለው?»

«ድምፁ የሳቸው ነው።»

«ድምፁን አልጠየቅሁህም» አለች።

የምትጠይቀኝን አውቄዋለሁ። የሰፈሩን ሟች ሁሉ የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። በአሥራ አራት ዓመት መቶ ስልሳ ሁለት ሰው ቀብረናል፤ በእኔ ብዕር ከነዚህ አንድም ክፉ ሰው የለም። ጋሽ ደምለው የሞቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከለበሰችው ከእትዬ አትጠገብ አጠገብ ተቀምጬ፣ የት ተወለዱ፣ ስንት ልጅ ወለዱ ብዬ ጠይቄ ወደ ጠባያቸው ስደርስ ብዕሬን አቆምኩ።

«ምን ልበል?» አልኳት።

«ሰው አክባሪ በል» አለች። «ለጠየቀው ሁሉ እሺ እንጂ እምቢ የማይል በል።»

ቀና ብዬ አየኋት። የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ በስብሰባ መሐል ለሁለት የቀደዱት ጋሽ ደምለው ናቸው። ከገዛ ወንድማቸው ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረው የቀበሩትም እሳቸው ናቸው።

«ጻፍ እንጂ ይርዳው» አለችኝ። «ሰው ምን ይለኛል?»

ጻፍኩ። በማግስቱ ሲነበብ የቀብሩ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ካለቀሱት ውስጥ በጋሽ ደምለው እምቢታ አንድ ቀን ያልተቃጠለ አልነበረም። እኔም አልቅሻለሁ።

አሁን እትዬ አትጠገብ ጽሕፈት ቤቴ ውስጥ ቆማ ነጠላዋን ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«በየማለዳው ግድግዳው ‹አትጠገብ፣ እንዴት አደርሽ› ይለኛል» አለች። «በቁሙ ሲነጋ የመጀመሪያ ቃሉ ሙግት ነበር። በሩን ማን ከፈተው፣ አካፋው የት ገባ። አሁን ምንም ብለው ‹ልክ ነሽ› ነው የሚለኝ። ልዋሽህ አልችልም ይርዳው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ደስ ብሎኝ ኖሬአለሁ። እሱ እሺ ሲለኝ መስማት ደስ ይላል። ዛሬ ውሃውን ሲሰጥ ነው ደም ሥሬ የቆመው። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁት። እኔና አንተ።»

ማክሰኞ ጠዋት ተያይዘን ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄድን። ጣቢያው የድሮው የማኅበሩ እህል መጋዘን ነው፤ እስከ ዛሬ የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። ሥራ አስኪያጇም፣ አዘጋጇም፣ የቀትሩን ፕሮግራም የምትመራውም ማስተዋል የምትባል ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። ሰው አክባሪ ናት። ይህን የምለው በሕይወት ስላለች ነው፤ ማለትም እውነቴን ነው።

ፋይሉን አውጥታ አነበበችልን። «‹ለጠየቀው ሁሉ እሺ እንጂ እምቢ የማይል› ይላል። የጻፉት ጋሽ ይርዳው ናቸው፤ ፊርማው የእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«ውሸት ነው» አለች እትዬ አትጠገብ።

«የቱ?»

«ሁሉም።»

ማስተዋል አልተቆጣችም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ እንደማታውቅ ያስታውቅ ነበር። መመሪያውን ገልጣ ትንሽ ፈለገች።

«ማረም ይቻላል» አለች። «ዝምድና የሌላቸው ሁለት ምስክሮች ቀርበው የነባሩን ጠባይ ያስረዳሉ። ጉዳዩ ከመዘጋቱ በፊት ነው፤ የምንጩ ጉዳይ የሚዘጋው የፊታችን ማክሰኞ ነው።»

«በአየር ላይ ነው የሚያስረዱት?» አልኩ እኔ።

«በአየር ላይ ነው። የተነበበው በሰው ፊት ስለሆነ የሚታረመውም በሰው ፊት ነው።»

እትዬ አትጠገብ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እኔ ጫማዬን አየሁ። መጠረግ ነበረበት።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቆመች። «አንዱ ምስክር አንተ ትሆናለህ» አለች።

«እትዬ፣ እኔኮ ጸሐፊ ነኝ። የጻፍኩትን ራሴ ላፍርስ?»

«እምቢ ማለትህ ነው?»

«እምቢ አላልኩም።»

«እሱ ቢሆን ቁርጡን ይነግረኝ ነበር» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

እሑድ ዕለት የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ምስክር ጠየቀች። ማንን እንደምትጠይቅ፣ ምን እንደምትጠይቅ ሁሉም ቀድሞ ሰምቷል። ምንጩ ከታጠረ ውሃው በቧንቧ ወደ ታች ፋብሪካዎቹ እንደሚወርድ፣ ለላይ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን ቦቴ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። የሚፈልገው አንድም ሰው አልነበረም። ሆኖም ምስክር እሆናለሁ ብሎ እጁን ያወጣ አልነበረም።

ጋሻው ተነሣ። ምንጩን ሊለኩ ለመጡት ሰዎች መንገድ ያሳየና የፊት ጥርሱን በጋሽ ደምለው ድንጋይ ያጣ ሰው ነው። «እኔ ለሳቸው ምንም ክፉ ቃል የለኝም» አለ። ሲናገር ክፍተቱ ይታይ ነበር።

የእትዬ አትጠገብ የአጥር ጎረቤት አንጓች ደግሞ በለሆሳስ «አትጠገብ፣ የሞተ ሰው ስም አታስነሺን» አለች። «አጥንቱ ይፋረደናል።»

«አጥንቱማ የሚፋረደን ዝም ስላልን ነው» አለች እትዬ አትጠገብ።

እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ «ስለ ጋሽ ደምለው እንግዳ ጠባይ ተጠይቆ ቤቱ በአንድ ድምፅ ደግነታቸውን አጽድቋል» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩ አሁንም አለ። ሳነበው እጄን ያሳክከኛል።

ሰኞ፣ በስምንተኛው ቀን፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ሰው ልካ አስጠራችኝ። «ምስክር ባትሆን ቁጭ ብለህ ስማ» አለች። ቤቷ ውስጥ ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ጋሽ ደምለው ደውለው ያንኑ ቃል ደገሙ፤ ለልማት ከሆነ፣ ሰውም ከተስማማ። ከዚያ የማስተዋል ድምፅ መጣ።

«ቀጣይዋ ደዋያችን አትጠገብ ከላይ ሰፈር ናቸው። እንደ ደንባችን አስቀድመው ለጋሽ ደምለው መልስ ይስጡ።»

«ደምለው» አለች።

«አቤት አትጠገብ። እንዴት ዋልሽ?» ድምፁ ከስልኩም ከግድግዳውም መጣ።

«ምንጩ ይታጠር ያልከው ከልብህ ነው?»

«ሰው ከተስማማ፣ እሺ ነው።»

«እኔ ካልተስማማሁስ?»

«ልክ ነሽ። አይታጠር።»

ማስተዋል ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማ።

«ይታጠር ነው የምትለው፣ አይታጠር?»

«እሺ።»

«ምኑን ነው እሺ የምትለው?»

«ያልሽው ይሁን።»

እትዬ አትጠገብ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። እጇን ልስኑ ላይ አሳረፈች።

«ቤታችንን ለቦቴው ማቆሚያ ቢወስዱትስ?»

«ለሰው የሚጠቅም ከሆነ እሺ።»

«መቃብርህን ቢያነሡትስ?»

«እሺ፤ ምን ቸገረኝ።»

«ጋሻው ላይ ድንጋይ የወረወርክ ዕለት አጥፍተህ ነበር?»

«አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ይደረግልኝ።»

እጇን ከልስኑ አነሣች። አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ተነሥቼ ልደግፋት አሰብኩ፣ ግን አልተነሣሁም።

«ደምለው» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «እስቲ አንድ ጊዜ እምቢ በለኝ።»

ጆሮዋን ወደ ልስኑ አስጠጋች።

«እሺ» አለ።

መስመሩ ተዘጋ። ማስተዋል ተቃውሞው መመዝገቡን፣ ተቃዋሚ አንድ መሆኑን ተናግራ ሙዚቃ ለቀቀች። እኔ በዚያች ደቂቃ ነገሩ የተገለጠ መስሎኝ ነበር። ከተማው በሙሉ ሰምቷል። ሁለት የሚቃረን ነገር ጠይቃው ለሁለቱም እሺ ያለ ሰው ሐሳብ የለውም፣ ይህን ሕፃን ልጅም ይረዳዋል ብዬ ደስ አለኝ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ይደውላሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እኔ ራሴ ለምን አንዱ እንዳልሆንኩ በዚያ ሰዓት አልመጣልኝም።

ሰው ደወለ። ማክሰኞ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ሬዲዮው ለስምንት ዓመት አይቶት የማያውቀው ያህል ሕያው ሰው ደወለ። «እንዲህ ያለ ባል ማን አገኘ?» አለች አንዲት ሴት እያለቀሰች። «ሞቶ እንኳ ለሚስቱ እሺ ይላል።» አንድ ጡረታ የወጣ መምህር የጋሽ ደምለው ትሕትና ለትዳር ሁሉ ትምህርት መሆኑን አስረዳ። ጋሻው ደውሎ ይቅርታውን በሙሉ ልቡ መቀበሉን ተናገረ። ከዚያ በኋላ ደዋዮቹ ወደ እትዬ አትጠገብ ዞሩ። ሟች በአደባባይ እንዲህ ይሞገታል? ሴት ልጅ የባሏን አጥንት እንዲህ ትቀሰቅሳለች? ስለ ምንጩ የተናገረ አልነበረም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ማስተዋል ሕዝቡ መስማማቱን አነበበች።

በሳምንቱ አጥሩ ተተከለ። የምንጩ ዓይን በሲሚንቶ ተደፈነ፤ በሚቀጥለው ወር ቄጠማው ደርቆ ከብት በላው። አሁን ረቡዕና ቅዳሜ ቦቴ ይመጣል። ቢጫ ጀሪካኖች ከመስጊዱ ጥግ እስከ ተዘጋው ወፍጮ ቤት ድረስ ይሰለፋሉ፤ ባለቤቶቻቸው ጥላ ፍለጋ ሄደው ጀሪካኖቹ ብቻቸውን ቆመው ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ቦቴው አይመጣም። ያን ጊዜ ግድግዳው ይቅርታ ይጠይቃል፤ በአንዱ ነባር ድምፅ።

እትዬ አትጠገብን ሰላም የሚላት አልነበረም። ወረፋው ላይ ግን ሁሌ አለች። ተራ የሚያልፈውን ትመልሳለች፣ አንድ ጀሪካን ደብቆ የሚጨምረውን ታጋልጣለች፣ ከቦቴው ሹፌር ጋር ትሟገታለች። «ነገረኛ» የሚል ስም ወጣላት። ስሙ ሲጠራ ሰምታ እንደሆነ ዞር አትልም።

ታኅሣሥ ላይ እድሩ ጽሕፈት ቤት መጣች። በዚህ ጊዜ ተቀመጠች። የተጣጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ።

«የራሴ የሕይወት ታሪክ ነው» አለች። «ሰው በቁሙ ማስገባት ይችላል አለችኝ ማስተዋል። ሁለት ምስክር ይፈልጋል።»

እንዲህ ይላል፦ «አትጠገብ ወርቄ ነገረኛ ናት። እሺ አትልም። ስለ ውሃ ከሆነ ከማንም ጋር ትጣላለች። ለሞተ ሰው መልስ ትሰጣለች።»

«ይህ ሲነበብ ሰው ምን ይላል?» አልኳት። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

«ያኔ እኔ አልሰማውም። በግድግዳው ስደውል የምለውን ግን እነሱ ይሰሙታል» አለች። «አስፈርምልኝ። የቆመ ሰው መውቀስ ነውር አይደለም።»

የቆመ ሰው መውቀስማ ሥራችን ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁለት ፊርማ ነበር የሚያስፈልገው፤ አርባ ሦስት ሰው ፈረመ። ከፊርማው ጎን ተጨማሪ አስተያየት የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ፤ ሁሉም ያችን ቦታ ሲያገኝ ጎንበስ ብሎ ቆየ። አንዳንዱ ብዕሩን ለሌላው አልሰጥም አለ። ይህን ያህል የተነቃቃ ስብሰባ አይቼ አላውቅም። እትዬ አትጠገብ ከኋላ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

በማግስቱ ወረቀቱን ለማስተላለፍ ሳመሳክር አስተያየቶቹን አነበብኩ። ጋሻው «እምቢተኛ ናት፤ ከባሏ ነው የተማረችው» ብሏል። አንጓች «ቁርጥ ሟቹን ናት። እሱም የሰው ቃል አይሰማም ነበር» ብላለች። ፀጉር ቆራጩ «ስለ ውሃ ሲነሣ ሁለቱም አንድ ነበሩ፤ ንጉሥም ቢመጣ አይሰጡም» ብሏል። ወረቀቱን እስከ ታች ወረድኩበት። ከአርባ ሦስቱ ሃያ ስድስቱ ጋሽ ደምለውን አንሥተዋል። አንድ ሰው እንኳ ደግ ነበሩ አላለም። ሁለት ዓመት ተኩል አፍ አጥቶ የከረመው እውነት ሁሉ እዚያ ነበር፤ በሰማያዊ ብዕር፣ በስማቸውና በፊርማቸው። ከመጨረሻው መስመር ላይ የእኔ እጅ ጽሕፈት አለ፦ «ባሏን ትመስላለች።» ስጽፈው ምንም አልመሰለኝም ነበር።

ወረቀቱን ለእትዬ አትጠገብ አሳየኋት። ቆማ አነበበች፣ ከዚያ ተቀምጣ አነበበች። በድንኳኑ ውስጥ ያላየሁትን ለቅሶ ያን ዕለት አለቀሰች። ሲበቃት ፊቷን አብሳ «ተነሥ» አለችኝ።

ማስተዋል እያንዳንዱን አስተያየት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «የእርስዎ የሕይወት ታሪክ ተቀባይነት አግኝቷል፣ እትዬ» አለች።

«እነዚህ ደግሞ የጋሽ ደምለው ምስክሮች ናቸው» አልኩ። «ሁለት ነበር የተባልነው። ሃያ ስድስት ናቸው።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አይቻለሁ፣ ጋሽ ይርዳው። ግን የእርማቱ ጊዜ ጥቅምት ላይ አልፏል። ያውም በአየር ላይ መነገር ነበረበት።» ሰዓቷን አየችና ይቅርታ ጠይቃ ወደ መስታወቱ ክፍል ገባች። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

በመስታወቱ በኩል ስትናገር አየናት፤ ድምፅዋ የመጣው ከኮሪደሩ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ጋሽ ደምለው ደውለው ቦቴውን አመሰገኑ፤ በሳምንት ሁለት ቀን መምጣቱ ብዙ ነው አሉ። ቀጥሎ የሰኞው አዲስ ጉዳይ ተነበበ። የላይ ሰፈር መካነ መቃብር ለመጋዘን ግንባታ ስለ መነሣቱ ዘጠኝ ቀን ውይይት ይደረጋል፤ ከነባሮቻችን አንዱ ጋሽ ደምለው እንግዳ ጥቅምት ወር ከባለቤታቸው ለቀረበላቸው ጥያቄ በአየር ላይ በሰጡት ፈቃድ መሠረት።

እትዬ አትጠገብ ነጠላዋን ጠቀለለች፣ ፈታች። «እኔ ሞቼ እምቢ እስክላቸው አይጠብቁም» አለች።

ቤቴ ስደርስ የራሴን የሕይወት ታሪክ ከሣጥን አወጣሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ያዘጋጀሁት ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ለማኅበራዊ ኑሮ የተጋ፣ ለእውነት የቆመ ይላል። ጠባይ የሚለውን ሰረዝኩና ከሥሩ «ይርዳው ፈሪ ነው። እውነቱን እያወቀ፣ ሁለት ምስክር ሲፈለግ አንዱ መሆን እየቻለ፣ ቃለ ጉባኤ ጻፈ» ብዬ ጻፍኩ። ቅዳሜ ወረፋው ላይ ይዤላት ሄድኩ። ጀሪካኗን አስቀምጣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሳታነበው በምስክርነት ፈረመች።

«አላነበብሽውምኮ፣ እትዬ» አልኳት።

«አውቀዋለሁ» አለች። ብዕሬን መለሰችልኝ። «ሰኞ ስለ መቃብሩ ትደውላለህ?»

«እሺ» አልኩ።

እትዬ አትጠገብ ግድግዳውን በምታይበት ዓይን አየችኝ። ከዚያ ጀሪካኗን አንሥታ ዳገቱን ወጣች።